194,313፦ ስለ አንድ ቁጥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ቡና በተፈላ ቁጥር ይህን ቁጥር የማነሳ ሰው መሆኔን ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ከአቦል እስከ በረካ ግን ጥያቄው ይበዛል። ተማሪው ይጠይቃል። ዲያቆኑ የአክስቴ ልጅ ይጠይቃል። ሐጂ አጎቴም ይጠይቃሉ። አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ከምመልስ ብዬ እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። ካልኩሌተር ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

ከቀን መቁጠሪያችን። 194,313 የአንድ ዐቢይ ቀመር ቀናት ብዛት ነው። ዐቢይ ቀመር በባሕረ ሐሳብ፣ በዓላትና አጽዋማት በሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ 532 ዓመት ነው። አንድ ዘመዴ ይህን 532 ሲጠራ ሰምቼ እስቲ በቀን ልመንዝረው አልኩ።

532ን በ365 ስታባዙ 194,180 ይመጣል። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በየአራት ዓመቱ ስለሆነ በ532 ዓመት ውስጥ 133 ጊዜ ትመጣለች። እነዚያን 133 ቀናት ጨምሩ፦ 194,313።

ለምን 532? ለምን ደፍነው 500 አላሉትም?

ሁለት ዙሮች አብረው የሚዘጉት እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

አንደኛው የጨረቃ ዙር ነው። ዛሬ መስከረም 1 ቀን ጨረቃ ሙሉ ብትሆን፣ እንደገና መስከረም 1 ቀን ሙሉ የምትሆነው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች። ሊቃውንቱ ይህን ንዑስ ቀመር ይሉታል።

ሁለተኛው የዕለታት ዙር ነው። አዲስ ዓመት ዘንድሮ ሐሙስ ከዋለ ለከርሞ ዓርብ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ አንድ ቀን ዘሎ ይውላል። ስለዚህ በአራት ዓመት አምስት ቀን ይገፋል። በ28 ዓመት 35 ቀን ይሆናል፤ ይኸውም ልክ አምስት ሳምንት ነው፣ ትርፍ የለውም። ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው።

አሁን አስቡት። አንዱ ማኅበር በየ19 ቀኑ፣ ሌላው በየ28 ቀኑ ይጠጣል እንበል። ዛሬ ሁለቱም ቢገጥሙ መቼ ደግመው ይገጥማሉ? 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ራሱ ብዜታቸው ነው፦ 532። ከዚህ በፊት መገናኛ የለም።

ይህ ዙር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትውፊቱ ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ጆርጂያውያንም በ532 ዓመት ዙር ዘመን ይቆጥሩ ነበር።

ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው?

አይደለም። ብቸኛ ቁጥር፣ ክፍል ውስጥ ፕራይም የምንለው፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው። የእኛው በአራት ብቸኛ ቁጥሮች ይፈታል፦

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487

እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ናቸው የገቡት። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

አካፋዮቹ ስንት ናቸው? ትርጉምስ አላቸው?

16 ናቸው፦ 1፣ 3፣ 7፣ 19፣ 21፣ 57፣ 133፣ 399፣ 487፣ 1,461፣ 3,409፣ 9,253፣ 10,227፣ 27,759፣ 64,771 እና ራሱ 194,313።

እኔን የያዘኝ ይህ ዝርዝር ነው። ለማያውቅ ሰው ተራ ቁጥሮች ናቸው። ለሚያውቅ ግን የቀን መቁጠሪያው ሙሉ አጥንት እዚህ ተዘርግቷል።

7 ሳምንቱ ነው። 19 የጨረቃው ዙር ነው። 133 የሰግር ዓመታት ብዛት ነው፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንባቸው። 1,461 ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያለው የአራቱ ወንጌላውያን ዙር በቀን ሲቆጠር ነው፣ 365 × 4 + 1። ስለዚህ 133 × 1,461 ብላችሁ ብታባዙ ሙሉውን ቁጥር ታገኛላችሁ። 10,227 ደግሞ የ28 ዓመቱ ዐውደ ፀሐይ ቀናት ናቸው።

27,759ስ? ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው አይደል? አንድ ዐቢይ ቀመር ሙሉ ሳይስተጓጎል ቢቆም 27,759 ጊዜ ይቆማል። ማክሰኞም፣ ዓርብም፣ እሑድም እኩል 27,759 ጊዜ ይመጣሉ። ማንም ዕለት በማንም አይበልጥም። ሁለተኛው ሥራው ከዚህ ይበልጣል፤ ለብቻው ጥያቄ ይገባዋል።

76 ዓመት የሚባለው ዙር ምን ያደርጋል? 19 እያለ?

ይህን የጠየቀኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማዕከላዊ ቀመር 76 ዓመት እንደሆነ በቃሉ ተምሮታል። ለምን እንደሆነ ግን አልተነገረውም። እኔም አላውቅም ነበር። መልሱን ያገኘነው ይህን ቁጥር ስንፈታታ ነው።

19 ዓመትን ወደ ቀን ለውጡ። 19 × 365.25 = 6,939.75። ሩብ ቀን ጎደለ። ጨረቃዋ ከ19 ዓመት በኋላ ትመለሳለች ብንልም፣ ዙሩ የሚዘጋው ሙሉ ቀን ላይ አይደለም። እንግዲህ ሩቡ እንዲጠፋ አራት ጊዜ ድገሙት። አራት ጊዜ 19 ዓመት 76 ነው፤ ቀኑም 27,759፣ ድፍን። 76 የመጣው ሩቧን ለመድፈን ነው።

አሁን 27,759 ሁለት ጊዜ መጣ። የ76 ዓመት ቀናት ብዛት ከ532 ዓመት ሳምንታት ብዛት ጋር እኩል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 532 ሰባት ጊዜ 76 ነው።

ታዲያ በ76 ዓመት ለምን አላቆሙም? እዚህ ላይ ነው ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር የምትፈለገው። በ194,313 ውስጥ 7 የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ7 አንዴ ካካፈላችሁት 27,759 ይቀራል፤ እሱ ውስጥ ሌላ 7 የለም። 27,759ን በ7 ስታካፍሉ 4 ይተርፋል። ስለዚህ ከ76 ዓመት በኋላ ጨረቃና ፀሐይ ሲገጥሙ ሳምንቱ አራት ቀን ይዛነፋል። ሐሙስ የነበረው ሰኞ ይሆናል። እሱም እንዲስተካከል ሰባት ጊዜ መዞር አለበት። ሰባት ጊዜ 76፣ 532።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ጀበናው እስኪበርድ ዝም አለ።

487 ግን ምንድን ነው? ቀን መቁጠሪያው ውስጥ አላውቀውም።

ብቻውን ትርጉም የለውም። የ1,461 ሲሶ ነው፤ ማለትም የአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ ቀናት። በዓል የለበትም፣ ዙር የለበትም። ለረጅም ጊዜ የእንጀራ ልጅ አድርጌው ነበር።

በኋላ ግን አንድ ምሽት 21ን ሳባዛ ነገሩ ተገለጠ። 21 × 21 = 441። በላዩ ላይ 42 ጨምሩ፣ እንደገና 4 ጨምሩ፦ 487። ይህ ደግሞ የአልጀብራ ትምህርታችን ውስጥ ያለው የኩብ ልዩነት ቀመር ነው። የሁለት ኩቦች ልዩነት ሲፈታ አንዱ አካፋይ የቁጥሮቹ ልዩነት ነው፤ ሌላው ደግሞ ካሬ፣ ብዜትና ካሬ ተደምረው ነው። በ21 እና በ2 ስትሠሩት፦

21³ − 2³ = 19 × 487 = 9,253

9,261 ሲቀነስ 8፣ ትክክል። ይህን በ21 ብታባዙት ቁጥራችን ብቅ ይላል፦

194,313 = 21 × (21³ − 8)

አንድ የሰማይ ስሌት ውስጥ የገባ ቁጥር እንዲህ ባለ አጭር መስመር ይጻፋል ብዬ አልጠበቅሁም። 21⁴ ሲቀነስ 168 ማለትም ነው። 168 ደግሞ በሳምንት ውስጥ ያሉት ሰዓታት ናቸው! ይህ ግን ንጹሕ አጋጣሚ ነው፤ ማንም እንዳያታልላችሁ።

አኃዞቹ ሲደመሩስ?

1+9+4+3+1+3 = 21። እንደገና 21። ቁጥሩም በ21 ያለ ትርፍ ይካፈላል። በአኃዞቹ ድምር የሚካፈል ቁጥር ሐርሻድ ይባላል፤ ስሙ ከሳንስክሪት የመጣ ነው፣ ደስታ ሰጪ እንደማለት።

እዚህ ላይ ሁሌ አንድ ሰው ይነሣና "እንዴ! የግሸን ማርያም እኮ መስከረም 21 ናት" ይላል። አዎ፣ አምባሰል ላይ ግሸን ደብረ ከርቤ የምትነግሠው መስከረም 21 ነው። ይህም አጋጣሚ ነው። የአኃዝ ድምር የሚወሰነው ቁጥሩን በዐሥር ዐሥር እየመደብን ስለጻፍነው ነው። በዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ብንመድበው ድምሩ ሌላ ይሆናል። በ7 መካፈሉ ግን በምንም አጻጻፍ አይለወጥም። ለእኔ እውነተኛ ባሕርይ የሚባለው የኋለኛው ነው።

መጨረሻው ላይ ያለው 313ስ?

ይህ የሐጂ አጎቴ ጥያቄ ነው። በበድር ዘመቻ የተሰለፉት ሶሐቦች ብዛት 313 እንደሆነ ተምረዋል፤ ቁጥሩን ሲያዩ ዓይናቸው መጨረሻው ላይ አረፈ። ከሒሳቡ አንጻር 313 ከግራም ከቀኝም ቢነበብ አንድ ነው፤ ብቸኛ ቁጥርም ነው። ከ194,313 ጋር ያለው ዝምድና ግን ጎረቤት መሆኑ ብቻ ነው። 194,313 በ313 አይካፈልም።

እሳቸውም ሳቁና "እኛም ከናንተ ጋር የምንዛመደው እንዲሁ በጉርብትና ነው" አሉኝ። እንዳይመስላችሁ፣ በደምም እንዛመዳለን። ወሎ አይደለም እንዴ!

ከሁሉ የሚገርመው ባሕርይው የቱ ነው?

ለእኔ ይህ ነው። ከ1 እስከ 194,313 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ሰልፍ አስይዟቸው። ከእነሱ መካከል ከ194,313 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ብቻ ምረጡ። በ3፣ በ7፣ በ19 ወይም በ487 የሚካፈሉት ይወጣሉ ማለት ነው። ስንት ይቀራሉ?

የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኦይለር ለዚህ አቋራጭ ትቶልናል። ብቸኛ አካፋዮቹ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ከገቡ፣ ከእያንዳንዱ 1 ቀንሱና አባዙ፦

2 × 6 × 18 × 486 = 104,976

በመጀመሪያ እይታ ምንም የለውም። እስቲ የ104,976ን ስኩዌር ሩት አውጡ። 324፣ ድፍን። የ324ንስ? 18፣ ድፍን! ስለዚህ 104,976 ማለት 18 × 18 × 18 × 18 ነው። አራተኛ ደረጃ ያለው ድፍን ቁጥር እንዲህ በዋዛ አይገኝም።

ምስጢሩ ያሉት አራቱ ቁጥሮች ውስጥ ነው። 2፣ 6፣ 18 እና 486ን አንድ በአንድ እዩአቸው። 2 ጊዜ 1፣ 2 ጊዜ 3፣ 2 ጊዜ 9፣ 2 ጊዜ 243። ሁሉም የ3 ደረጃዎች እጥፍ ናቸው! 3ን ደጋግማችሁ አባዙ፣ በ2 እጠፉ፣ 1 ጨምሩ፤ 3፣ 7፣ 19፣ 55፣ 163፣ 487 እያለ ይሄዳል። 55 ብቸኛ ስላልሆነ ይወድቃል። ከቀሩት አምስቱ አራቱ ቁጥራችን ውስጥ አሉ። የቀረው 163 ብቻ ነው።

ሳምንቱ ሰባት የሆነው በሰዎች ልማድ ነው። 19 የመጣው ከጨረቃ አካሄድ ነው። 1,461 ከፀሐይ ነው። ሦስቱ ተማክረው አልመጡም። ግን ሲገናኙ አንድ ቤተሰብ ሆነው ተገኙ። ይህን ያየሁ ቀን ለብቻዬ ነው የሳቅሁት።

ከዚህ አንድ ውጤት ይከተላል። 194,313 እኩል ጎን ያለው ቅርጽ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ በትክክል ሊሠራ አይችልም፤ 7 ጎን ያለውን እንኳ መሥራት አይቻልም። ማዕዘንን ለሦስት እኩል የሚከፍል መሣሪያ ቢጨመርላችሁ ግን ይቻላል፤ የሚያስችለውም እነዚህ ብቸኛ ቁጥሮች የዚህ ዓይነት ስለሆኑ ነው። ሞክሩ አልላችሁም፤ ስታዩት ከክብ አይለይም።

ሙሉ ነው ጎዶሎ?

ጎዶሎ። በሁለት አይካፈልም።

በሌላም ትርጉም ጎዶሎ ነው። ከራሱ በታች ያሉትን 15 አካፋዮች ደምሯቸው፤ 118,007 ይሆናሉ። ከራሱ ያንሳሉ። እኩል ቢሆኑ ፍጹም ቁጥር ይባል ነበር፣ እንደ 6 እና እንደ 28። 28 ደግሞ የዐውደ ፀሐይ ዓመታት ብዛት ነው፤ የዙሩ አንዱ ወላጅ ፍጹም ቁጥር ነው ማለት ነው። ልጁ ግን አልወረሰም።

የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ ይጻፋል?

አይጻፍም። በ4 ሲካፈሉ 3 የሚተርፋቸው ብቸኛ ቁጥሮች ጎዶሎ ጊዜ ከገቡ ቁጥሩ የሁለት ካሬዎች ድምር መሆን አይችልም። የእኛዎቹ አራቱም፣ 3፣ 7፣ 19፣ 487፣ ሁሉም 3 ይተርፋቸዋል። አንዱም አላመለጠም።

የሁለት ካሬዎች ልዩነት ግን ይሆናል፣ በስምንት መንገድ። የምወደው ይህ ነው፦ 443² − 44²። ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ ትልቅ ቁጥርን ለመፍታት የተጠቀመበት ዘዴ ነው። ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከፍ ካለው ድፍን ቁጥር ትጀምራላችሁ። 441² ሲቀነስ ቁጥራችን 168፤ ካሬ አይደለም። 442² ሲቀነስ 1,051፤ አይደለም። 443² ሲቀነስ 1,936፤ እሱ 44² ነው። በሦስተኛው ሙከራ ተያዘ። ከዚያ 443 − 44 = 399፣ 443 + 44 = 487። አካፋዮቹ እጃችሁ ላይ ናቸው።

በግዕዝ ቁጥር እንዴት ይጻፋል?

፲፱፼፵፫፻፲፫። ዐሥራ ዘጠኝ እልፍ፣ አርባ ሦስት መቶ፣ ዐሥራ ሦስት። ፼ ዐሥር ሺህን፣ ፻ መቶን ይይዛሉ፤ ዜሮ የሚባል ነገር የለም። ስትጽፉት ልብ በሉ፤ በ፲፱ ይጀምርና በ፲፫ ያልቃል። በጨረቃው ዙር ተነሥቶ በወራቶቻችን ብዛት ይዘጋል። ያው፣ አጋጣሚ።

ያለ ካልኩሌተር 133 × 1,461ን እንዴት ላስላ?

ማባዣ ሠንጠረዥ ለማያስታውስ ሰው አንድ ዘዴ አለ። በውጭ የሒሳብ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ ማባዣ ተብሎ ይጠራል። እኛ ትምህርት ቤት ግን ማንም አላስተማረንም፤ ይገርመኛል። መሠረቱ የሆነው በእጥፍ የማባዛት ስሌት በጥንት ግብፃውያን ፓፒረስ ላይም ይገኛል። የሚጠይቀው ማጋመስና ማጠፍ ብቻ ነው።

በግራ 133ን አጋምሱ፤ ትርፉን ጣሉ። በቀኝ 1,461ን እጠፉ።

133 — 1,461
66 — 2,922
33 — 5,844
16 — 11,688
8 — 23,376
4 — 46,752
2 — 93,504
1 — 187,008

በግራ በኩል ሙሉ ቁጥር ያለባቸውን መስመሮች ሰርዙ። የሚቀሩት የ133፣ የ33 እና የ1 መስመሮች ናቸው። 1,461 + 5,844 + 187,008 = 194,313። ለምን ይሠራል? ጎዶሎና ሙሉውን ስትለዩ ሳታውቁት 133ን በኮምፒውተር ቋንቋ፣ በ0 እና በ1፣ እየጻፋችሁት ነው። 133 = 128 + 4 + 1።

በሂጅራስ ስንት ዓመት ይሆናል?

በ532 ዓመት ውስጥ 19 ዓመቱ 28 ጊዜ ይገባል። እያንዳንዱ 235 ጨረቃ አለው። ስለዚህ 6,580 ጨረቃ ይሆናል። የሂጅራ ዓመት 12 ጨረቃ ነው። አካፍሉት፦ 548 ዓመት ከአራት ወር። በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ረመዳን ዓመቱን 16 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል ማለት ነው።

ሐጂ አጎቴ "ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል" ይላሉ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ "ጥንተ አበቅቴ 11 ነው" ይላል። ለዓመታት አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ 11 መሆኑን አላወቁም ነበር። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354፤ ልዩነቱ 11። ቄሱ አበቅቴን የሚያወጡት ወንበሩን፣ ማለትም ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል ከሚተርፈው አንድ ቀንሰው፣ በዚህ 11 አባዝተው ለ30 ሲካፈል የሚተርፈውን ይዘው ነው። ጀማ ንጉሥ ላይ መውሊድ በየዓመቱ ከአምናው ቀደም የሚለውም በዚሁ 11 ነው።

በስሌት የሚሠራው የሂጅራ ቀን መቁጠሪያ የ30 ዓመት ዙር አለው። ከእነዚያ 19ኙ 354 ቀን፣ 11ዱ 355 ቀን ናቸው። 19 እና 11! ጥንተ መጥቅዕ (መጥቅዕ የአበቅቴ ጓደኛ፣ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ቁጥር ነው) 19፣ ጥንተ አበቅቴ 11፣ ድምራቸው 30። ቀናቱ በአጠቃላይ 10,631 ናቸው፤ ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከ194,313 ጋር የሚጋራው አካፋይ የለም። ስለዚህ ሁለቱ ዙሮች ዛሬ አብረው ቢጀምሩ እንደገና አብረው የሚጀምሩት ከ10,631 × 532 ዓመት በኋላ ነው። 5,655,692 ዓመት። ቡናው ይበርዳል።

ስሌቱ ከሰማዩ ጋር በትክክል ይገጥማል?

በጣም ይቀርባል፤ ግን ልክ አይደለም። እውነቱን እንነጋገር።

የጨረቃ ወር አማካይ ርዝመቱ 29.530588 ቀን ነው። በ6,580 ብታባዙት 194,311.27 ይመጣል። ከቁጥራችን በ1.73 ቀን ያንሳል። በ532 ዓመት ውስጥ ሁለት ቀን የማይሞላ ስህተት! ያለ ቴሌስኮፕ ለተሠራ ስሌት ይህ ድንቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

በፀሐይ በኩል ትንሽ ይብሳል። ወቅቶቹ የሚዞሩበት ዓመት 365.2422 ቀን ገደማ ነው፤ እኛ 365.25 እንላለን። በአንድ ዐቢይ ቀመር አራት ቀን ከትንሽ ይሆናል። ፈረንጆች በ1582 እንደ አቆጣጠራቸው ይህን ለማረም ዐሥር ቀን ዘለሉ። እኛ አልዘለልንም። ለዚህ ነው ልዩነቱ እየሰፋ የሚሄደው። በፈረንጅ 2100 የካቲታቸው 29 አይኖረውም። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሯቸው።

አሁን ስንተኛው ዙር ላይ ነን?

ዐሥራ አምስተኛው ላይ። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት፣ 7518 ይሆናል። ለ532 ሲካፈል 14 ሙሉ ዙር ያልቅና 70 ይተርፋል። ዙሩ የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ የሚያልቀው በ2480 ዓ.ም.፣ በዓመተ ዓለም 7980 ላይ ነው።

ይቺ 7980 ሌላ ቦታም አለች። ስካሊገር የሚባል አውሮፓዊ ሊቅ በ1583 እንደ አቆጣጠራቸው የሠራው የዘመን ርዝመት ልክ 7980 ዓመት ነው፤ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ዛሬም ቀን የሚቆጥሩት ከእሱ መነሻ ተነሥተው ነው። እሱም 28ን በ19 አባዝቶ፣ እንደገና በ15 አባዝቶ ነው ያገኘው። ሁለቱ መነሻቸው ግን የተለያየ ነው።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከተፈለፈሉ 800 ዓመት ገደማ ነው ከተባለ፣ አንድ ዙር ተኩል አይተዋል።

ቁጥሩ በተግባር ምን ይጠቅመኛል?

አንድ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። በእኛ አቆጣጠር ከማንኛውም ቀን ላይ 194,313 ቀን ብትቀንሱ፣ ያው ወር፣ ያው ቀን፣ ያው ዕለት፣ ያው የባሕረ ሐሳብ ጨረቃ ላይ ታርፋላችሁ። 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። መስከረም 1 ሐሙስ ይውላል፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18፣ ፋሲካው ሚያዝያ 4። 532 ቀንሱ፦ 1486። ያም ዘመነ ማርቆስ፣ ሐሙስ፣ 12፣ 18፣ ሚያዝያ 4።

ስለዚህ ከአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ የ1486 የበዓላትና የአጽዋማት ዝርዝር ቢወጣ አትጣሉት፤ የ2018ን ሆኖ ያገለግላችኋል። የመውሊዱንና የረመዳኑን ቀን ግን ከሐጂ ጠይቁ።